ሕፃናት ከካርቱን ፊልም ምን ይማራሉ?

ይህ ርእስ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የማይመጥን መስሎ የሚታየው አንባቢ አይጠፋም። ስለ አገር ልማት፣ ስለ ፍልስፍና፣ ስለ ታሪክ መጻፍ እየተቻለ ስለ ካርቱን ማውራት ምን የሚሉት ነው? ይለን ይሆናል። ነገር ግን ከመካከላችን ታናሽ ወንድም ወይም ታናሽ እኅት የሌለው ተማሪ ጥቂት ነው። ብዙዎቻችንም ከትምህርት በኋላ የሰው ልጅ እያስጠናን የኪስ ገንዘባችንን እናገኛለን። ነገ ደግሞ ገሚሳችን መምህር፣ ገሚሳችን ወላጅ መሆናችን አይቀርም። በየከተማው ቤት ትንሹ ልጅ ከአባቱና ከአያቱ ይልቅ ብዙ ሰዓት ከሚንቀሳቀስ ሥዕል ፊት የሚቀመጥ ከሆነ፣ ያ ሥዕል ምን እያስተማረው እንደሆነ መጠየቅ የጨዋታ ጉዳይ አይደለም።

በዚህ ነገር ላይ ሁለት አስተያየት ሲነገር እንሰማለን። የመጀመሪያው ካርቱን የልጅን አእምሮ የሚያደነዝዝ መርዝ ነውና ይጥፋ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ልጁ ከካርቱን እንግሊዝኛ ለምዷል፣ ቀለም ለይቷል፣ ቁጥር ቆጥሯል፤ ስለዚህ ይቅረብለት የሚል ነው። እኛ እንደሚመስለን ሁለቱም ወገኖች ጥያቄውን በግማሽ ትተውታል። ካርቱን ያስተምራል፤ የሚያስተምረው ግን አዋቂዎች ያስተምራል ብለው የሚገምቱትን ብቻ አይደለም። ልጁ ምን ይዞ እንደሚነሣም የሚወስነው ብዙ ጊዜ ሥዕሉ ሳይሆን ከአጠገቡ የተቀመጠው ሰው ነው። ይህንን ለማስረዳት ነገሩን በስድስት ክፍል ከፍለን እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ልጅ ያየውን ያደርጋል

ከሁሉ አስቀድሞ ልጅ ከሥዕል መማር ይችላል ወይ? የሚለውን እንመልስ። በዚህ ረገድ ስሙ አዘውትሮ የሚነሣው በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው የሥነ ልቡና ሊቅ አልበርት ባንዱራ ነው። ባንዱራና ባልደረቦቹ በ1963 ባሳተሙት ጥናት 96 የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን በአራት ወገን ከፈሏቸው። አንደኛው ወገን አንድ ትልቅ ሰው በአየር የተነፋ አሻንጉሊት ሲደበድብ በዐይኑ አየ። ሁለተኛው ያንኑ ድብደባ በፊልም አየ። ሦስተኛው ወገን ደግሞ የጥቁር ድመት ልብስ የለበሰ ሰው በካርቱን መልክ በተሰናዳ ፊልም ውስጥ ሲደበድብ አየ። አራተኛው ወገን ምንም አልታየውም። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ወደ መጫወቻ ክፍል ሲገቡ፣ በፊልም ያዩት ልጆች፣ ሰውን ያዩትም ድመቱን ያዩትም፣ ምንም ካላዩት ልጆች እጥፍ ያህል የድብደባ ጠባይ አሳዩ።

በርግጥ አሻንጉሊት መደብደብና ወንድምን መደብደብ አንድ አይደሉም። ቢሆንም ከዚህ ጥናት አንድ ነገር እንይዛለን፤ ይኸውም «ሥዕል ስለሆነ ምንም አይደል» የሚለው አነጋገር የማያዛልቅ መሆኑን ነው። ልጅ ለመምሰል የሥጋ ሰው አያስፈልገውም፤ የተሣለ ድመትም ይበቃዋል።

ይህ ኀይል ግን በሁለት በኩል የተሳለ ቢላዋ ነው። ርግጫ የሚያስተምር ሥዕል እጅ መታጠብንም ማስተማር ይችላል። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ከሼን ኤትሰንሃውዘር ጋር ሆና ያሰናዳችው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው ዝግጅት በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። ፀሐይ የ6 ዓመት ቀጭኔ ናት። ዝግጅቱ በአሻንጉሊት የሚሠራ ስለሆነ በጥብቅ ትርጉሙ ካርቱን አይባልም፤ ሥራው ግን ያው ነው። ቀጭኔዋ በአማርኛ ትጠይቃለች፣ ትሳሳታለች፣ እጇን ትታጠባለች፤ ልጁም እሷን ይከተላል።

እዚህ ላይ ስለ ዕድሜ አንድ ነገር መጨመር ይገባናል። ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከሥዕል የሚማረው እጅግ ጥቂት ነው። ሬቸል ባርና ሀርሊን ሄይን በ1999 ባሳተሙት ጥናት የአንድ ዓመትና የአንድ ዓመት ተኩል ሕፃናት ሰው ከፊታቸው ሆኖ ያሳያቸውን ሥራ ሲደግሙ፣ ያንኑ በቴሌቪዥን ሲያዩት ግን የሚደግሙት በጣም አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ የጡት ልጅን «ይማርበት» ብሎ ከቴሌቪዥን ፊት ማስቀመጥ ለልጁ ሳይሆን ለአስቀማጩ ዕረፍት ነው።

ለ. ፊደልና ቁጥር

ካርቱን ከሁሉ ይልቅ የተመሰገነበት ሥራ ይህ ነው። በኅዳር 1969 በአሜሪካ የተጀመረው «ሰሰሚ ስትሪት» የተባለው ዝግጅት አሻንጉሊትን፣ ሰውንና አጫጭር ካርቱንን ቀላቅሎ ለድኻ ልጆች ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት ፊደልና ቁጥር ለማስተማር ታስቦ የተመሠረተ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ በተደረገው ምርመራ ዝግጅቱን አዘውትረው ያዩት ልጆች ካላዘወተሩት ይልቅ በፊደልና በቁጥር ልቀው ተገኙ። ብዙ ዓመት ቈይቶም ሜሊሳ ከርኒና ፊሊፕ ለቪን የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት፣ የቴሌቪዥኑ ሞገድ በደኅና ይደርስባቸው በነበሩት አውራጃዎች ያደጉት ልጆች ለዕድሜያቸው በሚገባው ክፍል የመገኘት ዕድላቸው ከሌሎቹ የበለጠ እንደነበረ አሳይተዋል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? አንደኛው ድግግሞሽ ነው። በ1996 የተጀመረው «ብሉዝ ክሉዝ» አንዱን ክፍል በሳምንት አምስት ቀን ደጋግሞ ያሳይ ነበር። አዋቂን የሚያሰለች ይህ ነገር ልጆቹን አላሰለቻቸውም። በ1999 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው ክፍሉን ደጋግመው ያዩት ልጆች ነገሩን ይበልጥ ተረዱት፤ ከተሰላቹም ይልቅ በቀን ብዛት ጮኸው መመለስ ጀመሩ። ሁለተኛው ምክንያት ዝምታ ነው። አቅራቢው ጥያቄ ይጠይቅና ልጁ እስኪመልስ ድረስ ዝም ብሎ ይጠብቃል።

ይህን ካየን ዘንድ ስለ ገዛ ፊደላችን ማሰብ ይገባናል። የእንግሊዝኛው ፊደል 26 ነው፤ የእኛ ግን 33ቱ በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል። ልጅ በዜማ «ሀ ሁ ሂ» ሲል ብዙ ጊዜ የሚይዘው ድምፁን ነው እንጂ ቅርጹን አይደለም፤ ከመካከል አንዱን ለይተው ሲያሳዩት ከመጀመሪያው ጀምሮ ካልቈጠረ አያውቀውም። እንግዲህ «በ»ን እንውሰድ። ካዕቡ «ቡ» በቀኝ ጎኑ ከወገቡ ላይ ቅጥያ ያወጣል፤ ሣልሱ «ቢ» ቅጥያውን ወደ እግሩ ያወርደዋል፤ ራብዑ «ባ» ቀኝ እግሩን ያስረዝማል፤ ኀምሱ «ቤ» በእግሩ ጫፍ ቀለበት ያስራል፤ ሳብዑ «ቦ» ግራ እግሩን ያስረዝማል። ይህ ሁሉ እንቅስቃሴ ነው! በሰሌዳ ላይ ሰባት የተለያዩ ሥዕሎች የሚመስሉት፣ በካርቱን አንድ ፊደል እጁንና እግሩን ሲያንቀሳቅስ ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። ሁሉም ፊደል እንዲህ ያለውን ሥርዓት በእኩል አይከተልም፤ ቢሆንም «ለ»ን፣ «ሰ»ን፣ «ከ»ን የሚያውቅ ሰው ነገሩን ይረዳልናል። የሚንቀሳቀስ ሥዕል ለፊደል ትምህርት የሚስማማበት አገር ቢኖር የእኛው ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሐ. ታሪኩና ምክሩ

ብዙ የልጆች ካርቱን መጨረሻው ምክር ነው፤ ተጣልተው የነበሩት ይታረቃሉ፣ የዋሸው ይጸጸታል። እኛ አዋቂዎች መጨረሻውን ሰምተን ደስ ይለናል። ልጁስ የትኛውን ይይዛል?

ሜሪ ሉዊዝ ማሬስና ኤሚሊ አኮስታ በ2008 ባወጡት ጥናት ለመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ክሊፎርድ ስለሚባለው ትልቅ ቀይ ውሻ ከሚተርከው ካርቱን አንድ ክፍል አሳዩ። በዚህ ክፍል ሦስት እግር ብቻ ያለው ውሻ ወደ ሰፈሩ ይመጣል፤ ሌሎቹ ውሾች በመጀመሪያ ይፈሩታል፤ በኋላ ግን ይወዳጁታል። የደራሲዎቹ ሐሳብ የተገለጠ ነው፤ አካሉ የጎደለውን ሰው አትናቁ ማለታቸው ነው። ልጆቹ ምን ተማራችሁ ተብለው ሲጠየቁ ግን ብዙዎቹ ነገሩን ከውሻ አላሳለፉትም፤ ሦስት እግር ላለው ውሻ ደግ መሆን ይገባል አሉ እንጂ ወደ ሰው አላመጡትም።

ከዚህ የሚብሰው ሌላው ነው። ኦስትሮቭ፣ ጀንታይልና ክሪክ በ2006 እንደጻፉት፣ ትምህርታዊ የሚባሉትን ዝግጅቶች የሚያዘወትሩ ትንንሽ ልጆች «ከአንቺ ጋር አልጫወትም»፣ «ልደቴ ላይ አልጠራህም» እንደሚለው ያለ ጓደኛን የማግለል ጠባይ በዝቶባቸው ታይቷል። ተመራማሪዎቹ የሰጡት ማብራሪያ ትኩረት የሚገባው ነው። በፊልሙ ውስጥ ጠቡ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ያስቃል፣ በየመልኩ ይታያል፤ ዕርቁ ግን በመጨረሻ በአንድ ደቂቃ ያልቃል። ትንሽ ልጅ ደግሞ መጨረሻውን ከመጀመሪያው ጋር ለማያያዝ ገና አልበሰለም። ስለዚህ የያዘው በብዛት ያየውን ሆነ።

እንግዲህ አንድ ካርቱን ለልጅ ይስማማል አይስማማም የሚለውን ለመፍረድ የመጨረሻውን ምክር መስማት አይበቃም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ምን ሲደረግ እንደሚታይ፣ ለስንት ደቂቃ እንደሚታይ መቍጠር ያስፈልጋል።

መ. ቋንቋ

አሁን ወደሚያሳስበን ነጥብ ደርሰናል። በከተሞቻችን በየጣሪያው የተተከለው ዲሽ ከሚያመጣቸው ካርቱኖች ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ ወይም በዐረብኛ የሚናገሩ ናቸው። ልጁ ሦስት አራት የእንግሊዝኛ ቃል ሲወረውር ቤተ ሰቡ ይደሰታል፤ እንግዳ ሲመጣም «እስቲ በል» ይባላል። ነገሩ እውነት ትምህርት ነውን?

በሲያትል በሚገኘው በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ በ2003 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ መልስ ይሰጣል። የ9 ወር አሜሪካውያን ሕፃናት ለ12 ጊዜ ያህል የቻይንኛ ቋንቋ እንዲሰሙ ተደረገ። ገሚሶቹ አብራቸው ከምትጫወት ቻይንኛ ተናጋሪ ሰው ሰሙ፤ ሌሎቹ ያንኑ ቃል በቴሌቪዥን ወይም በድምፅ ብቻ ሰሙ። ከሰው የሰሙት የቻይንኛን ድምፆች መለየት ቻሉ። በቴሌቪዥን የሰሙት ግን ምንም ካልሰሙት ሕፃናት አልተሻሉም።

ከፍ ያሉ ልጆች እንዲህ አይደሉም። ሜብል ራይስ በ1988 ከባልደረባዋ ጋር እንዳሳየችው የ3 እና የ5 ዓመት ልጆች ከአጭር የካርቱን ታሪክ አዲስ ቃል ይይዛሉ፤ የ5 ዓመቶቹም የበለጠ ይይዛሉ። ነገር ግን እነዚህ ልጆች አዲሱን ቃል የያዙት በሚያውቁት በገዛ ቋንቋቸው ታሪክ ውስጥ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ቃል በቃል ላይ ይቆማል። መሠረቱ የሌለው ልጅ ከውጭ አገር ካርቱን የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ድምፅና ዜማ ነው እንጂ የሚጠይቅበትና የሚከራከርበት ቋንቋ አይደለም።

ይህን ስንል እንግሊዝኛ አይልመድ ማለታችን አይደለም፤ እኛም ራሳችን የምንማረው በእሱ ነው። የሚያሳስበን ሌላ ነው። አያቱ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ስታወራው መልስ የማይሰጣት ልጅ፣ ከእሷ ጋር የነበረውን ጨዋታ ሁሉ ያጣል። የጠፋው ጨዋታ ደግሞ በየትኛውም ቻናል አይመለስም።

ሠ. ፍጥነትና ልክ

ስለዚህ ነጥብ ባጭሩ እናልፋለን። በ2011 አንጀሊን ሊላርድና ጄኒፈር ፒተርሰን በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ 60 የ4 ዓመት ልጆችን በሦስት ከፍለው፣ አንደኛውን ወገን ለ9 ደቂቃ ፈጣን ካርቱን አሳዩ፤ ሁለተኛውን ዝግተኛ ትምህርታዊ ካርቱን አሳዩ፤ ሦስተኛውን ሥዕል እንዲሥል አደረጉ። ወዲያው በኋላ ራስን የመግዛት ፈተና ተሰጠ፤ ለምሳሌ ራስህን ንካ ሲባል እግርን መንካት፣ የሚበላ ነገር ፊት ተቀምጦ መታገሥ የመሳሰለው። ፈጣኑን ካርቱን ያዩት ልጆች ከሁለቱ ወገኖች ዝቅ ብለው ተገኙ። ፈተናው የተሰጠው ወዲያውኑ ስለሆነ ስለ ዘለቄታው አይናገርም፤ የፊልሙም ባለቤቶች ዝግጅታችን ለ4 ዓመት ልጅ አይደለም ብለው ተከራክረዋል። ሆኖም ልጅን በፈጣን ካርቱን አሟሙቆ ወዲያው የቤት ሥራ አቅርብ ማለት ፍሬ እንደሌለው ለአስጠኚዎች ትምህርት ይሆነናል። ስለ ልኩም የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ይህን መሰል ነገር እንደማይመክር፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለውም በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ አሳስቧል።

ረ. አብሮ የሚቀመጠው ሰው

እስካሁን ያልነውን የሚያስር ገመድ ይህ ነው። በ2012 የተጀመረ አንድ የአሜሪካ ካርቱን አለ፤ ዳንኤል ስለሚባል የነብር ግልገል የሚተርክና ልጆች ንዴትንና ሐዘንን እንዴት እንደሚችሉ የሚያስተምር ነው። ኤሪክ ራስሙሰንና ባልደረቦቹ በ2016 ባወጡት ጥናት ይህን ካርቱን ለሁለት ሳምንት ያዩ ልጆች ለሰው ስሜት መራራትንና የሰውን ስሜት መለየትን ጨምረው ተገኙ። ነገር ግን ይህ ፍሬ የታየው ወላጆቻቸው ስለሚያዩት ነገር አዘውትረው በሚያነጋግሯቸው ልጆች ላይ ነው። ፊልሙ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ንግግሩ ነው።

ይህ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ተረት ነጋሪ «ተረት ተረት» ሲል «የላም በረት» የሚል ከሌለ ተረቱ አይጀመርም። በመካከልም «ከዚያስ?» የሚል ያስፈልጋል፤ በመጨረሻም «ከዚህ ምን ተማራችሁ?» ይጠየቃል። አባባ ተስፋዬ ሣህሉም በ1964 በተጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለ40 ዓመት ያህል ተረት ሲነግሩ ልጆችን በዙሪያቸው አስቀምጠው ነበር። በአሜሪካ ሊቃውንት በብዙ ገንዘብ መርምረው ያገኙት የመጠየቅና የመጠበቅ ዘዴ፣ አያቶቻችን በእሳት ዳር ሲሠሩበት የኖሩት ነው። ካርቱኑ ያልያዘው ይህንን ብቻ ነው፤ ለልጁ መልስ መልስ መስጠት አይችልም።

በተግባር ምን እናድርግ? ቶምና ጄሪን ምሳሌ እናድርግ፤ ከ1940 ጀምሮ የኖረና የእኛም ልጆች የሚያውቁት ነው። ድመቱ በመጥበሻ ይመታል፣ ፊቱ የመጥበሻ ቅርጽ ይይዛል፣ ወዲያውም ይነሣል። ልጁን ብቻውን ብንተወው የባንዱራ ነገር ይደርሳል። አጠገቡ ተቀምጠን «እውነተኛ ድመት ቢሆን ኖሮስ?» ብንለው ግን ጥያቄው ካርቱኑ ያልነገረውን ሕመም ያስታውሰዋል። ደግሞም ይህ ካርቱን ከሞላ ጎደል ቃል የለውም። ስለዚህ ታሪኩን በገዛ ቋንቋችን ልንነግረው፣ ከዚያም የተሻለ፣ ልጁ ራሱ እንዲነግረን ልናደርገው እንችላለን። ሲያልቅ ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ምን ሆነ? ለምን ሆነ? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? የሦስት እግሩ ውሻ ምክር ከውሻ ወደ ሰው የሚሻገረው በሦስተኛው ጥያቄ ነው።

የመጀመሪያው ወገን እንዳለው ካርቱንን ከቤት ማጥፋት አይቻልም፤ ቢቻልም ፊደልን ሊያስተምር የሚችል መሣሪያ መጣል ይሆናል። ሁለተኛው ወገን እንዳለውም ልጅን ለሥዕል አስረክቦ መሄድ ማስተማር አይደለም። ከመካከላችን ሥዕል የሚችሉ፣ ድርሰት የሚሞክሩ፣ የኮምፒዩተር ሥራ የሚያውቁ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። «በ» እግሩን ሲያስረዝም የሚያሳይ የአንድ ደቂቃ ሥዕል ለመሥራት አንድ ላይ ቢቀመጡ ከሚያቅታቸው ሥራ አይደለም። ይህ እስኪሆን ድረስ ሁላችንም ዛሬ ማታ ልንጀምረው የምንችለው ቀላል ነገር አለ። ፈተና ደርሶ ትንሹን ልጅ ዝም ለማሰኘት ካርቱን የተከፈተ እንደሆነ፣ ደብተራችንን ለዐሥር ደቂቃ ዘግተን ከጎኑ እንቀመጥና «ምን ሆነ?» እንበለው።